ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት

በእኛ በእንጅባራ አረጋዊ ሲረሳ «ጃጀ» ይባላል። ቃሉ ርኅራኄ አለው፤ መርሳትን ከሽበት ጋር ቆጥሮ ያልፈዋል። «አልዛይመር» የሚለው የሐኪም ቃል ግን እንዲህ አያልፍም። የዕድሜ ወግ ሳይሆን በሽታ ነው ይላል። በሽታ ከሆነ ደግሞ ልጅ «እኔስ?» ማለቱ አይቀርም።

እናቴ በመጀመሪያ የረሳችው ትናንትን ነበር። ቀጥሎ ኋላ የለመደችው አማርኛ ራቃት፤ የልጅነቷ አውንጊ ብቻ ቀረ። ሌሊቱም ተገለበጠባት። በዚያ በደጋው ብርድ ተነሥታ «ከብቶቹ አልገቡም» እያለች የቀርከሃውን አጥር ትዳብሳለች። ከብት ከሸጥን ዓመታት አልፈው ነበር። እኔም ነጠላ ይዤ እከተላታለሁ።

እርሷ ካረፈች በኋላ መንቃቱ ለእኔ ቀረ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ይገለጣል። የጎረቤቶቼን ስም በልቤ እቆጥራለሁ፤ አንዱ ካመለጠኝ እስኪነጋ እፈልገዋለሁ። የእርሷስ ጅማሬ እንዲህ ይሆን?

በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን፣ የሕሙማንን ልጆች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚከታተል ጥናት አለ። ከዚያው ጥናት የተመረመሩ የ101 ጤነኛ ሰዎች ውጤት በ2017 ታተመ፤ አብዛኞቹ ወላጃቸው በዚህ በሽታ የተያዘባቸው ናቸው። እንቅልፋችን ደካማ ነው ካሉት በርከት ባሉት ዘንድ፣ ከጀርባ አጥንት በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ከበሽታው ጋር የሚያያዙ ለውጦች ታዩ። ሆኖም እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ይጥራው ወይስ በሽታው አስቀድሞ እንቅልፍን ይንካው፣ ጥናቱ አልለየም። እንቅልፍ ያጣ ሁሉም አይታመምም፤ የታማሚ ልጅ ሁሉም የወላጁን ዕጣ አይወርስም።

የእኔ መንቃት ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ በሽታ፣ ሐዘን፣ ወይም ለዓመታት ኮቴ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ። ጨለማው ሦስቱንም አንድ ያስመስላቸዋል። ስም እየቆጠሩ ራስን መፈተንም የሚለየው ነገር የለም፤ ስም የተረፈውን እንቅልፍ ይወስዳል እንጂ። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ በበሽታ ባይነካም ይረሳል።

ስለዚህ ጥያቄውን ለቀን አቆየሁት፤ ቀን ሐኪም አለ። እናቴን ለመጠበቅ የነቃሁባቸው ሌሊቶች የእርሷ ነበሩ፤ አንዳቸውም አይቆጩኝም። የቀሩት ግን የእኔ ናቸው፤ ልተኛባቸው ይገባል።