ሲነጋ እንወስደዋለን

የታሪክ ተማሪ ነኝ። ስለ መድኃኒት ለመጻፍ ብዕር ማንሣቴ የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችንን ፈገግ ሳያሰኛቸው አይቀርም፤ ይሳቁ። እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት ሌሊት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ነበር። አብሮን ዶርም የሚያድር ልጅ አለ፤ የኩላሊት ጠጠር አልፎ አልፎ ያመዋል። የዚያን ዕለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ጎኑን ይዞ ያንዘፈዝፈው ጀመር። አንዱ ወባ ነው አለ፤ ሌላው ምች ነው አለ። እኔ ሻንጣዬን ፈትሼ፣ ለጥርሴ ታዞልኝ የተረፈ ሁለት ፍሬ አሞክሲሲሊን አዋጥኩት። እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሹ ፈጠነ፤ እጁ ቀዘቀዘ፤ እኔንም በወንድሙ ስም ይጠራኝ ጀመር። «ኧረ ሐኪም ቤት እንውሰደው» ያለ ነበር። «በዚህ ሌሊት በምን? ሲነጋ እንወስደዋለን» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሲነጋ ወሰድነው። የደም ግፊቱ ወርዷል። ሐኪሟ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» ሲሉን እርስ በርስ ተያየን። እሳቸው ጊዜ አላጠፉም፤ ለካልቸር ደም አስቀዱ፣ ወዲያው ሴፍትሪያክሶን በደም ሥሩ አሰጡት፣ ጉሉኮስ ተተከለለት። በዚያው ቀን የታገደውን ሽንት የሚያሳልፍ ቱቦ ገባለትና ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ተወሰደ። የበሽታውን ስም ያን ጊዜ ሰማሁ፦ ሴፕሲስ። እንዳስረዱን ከሆነ፣ ጉዳቱ የባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ሊከላከል ተነሥቶ የገዛ ራሱን ኩላሊት፣ ሳንባና ልብ ይጎዳል።

በሦስተኛው ቀን ካልቸሩ ደረሰ። ባክቴሪያው ለካ ሴፍትሪያክሶንን የተላመደ ኖሯል! መድኃኒቱ ወደ ሜሮፔኔም ተለወጠ። ማዘዣውን ይዘን፣ ገንዘብ አዋጥተን፣ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞረን አራተኛው ላይ አገኘን። እስከዚያ ያቆየው ቱቦው ሳይሆን አይቀርም ተባልን። በጊዜ መስጠት አንድ ነገር፣ የሚገባውን መስጠት ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንበብ ያዝኩ። እ.ኤ.አ. በ2006 አናንድ ኩማርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት፣ በሴፕሲስ ግፊታቸው የወረደ 2,731 ሕሙማንን ተመልክቶ፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ውስጥ ትክክለኛው መድኃኒት በዘገየ ቁጥር የመዳን ዕድል በየሰዓቱ በአማካይ 7.6 በመቶ እየቀነሰ መሄዱን አሳይቷል። የጓደኛችን ግፊት መቼ እንደ ወረደ ማን ለክቶት! እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም እንዲህ ላሉት መድኃኒቱ በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ይመክራል፤ ሕመሙ ላጠራጠረና ግፊቱ ላልወረደ ግን እስከ 3 ሰዓት የመመርመሪያ ጊዜ ይሰጣል። ጥድፊያም ልክ አለው፤ ላተኮሰው ሁሉ ይሰጥ ማለት አይደለም።

የእኔ ሁለት ፍሬዎችስ? ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ፍሌሚንግ፣ በ1945 ባደረገው የኖቤል ንግግር፣ መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ተሕዋሲውን ሳይገድል እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። የእኔዎቹ በአንድ ሌሊት የጓደኛዬን ባክቴሪያ አለማመዱት አልልም። ግን «አንድ ነገር አድርጌለታለሁ» ብዬ እንድተኛ አደረጉኝ። ጥፋታቸው ይኸው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፤ ያን ሌሊት ግን ማናችንም ትዝ አላለንም።

ጓደኛችን ድኗል፤ አንድ መንፈቅ አቋርጦ ተመልሷል። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ «ስንት ሰዓት ነበር የወሰዳችሁኝ?» አለኝ። «ሲነጋ» አልኩት። «ግድ የለም፣ ወስዳችሁኛል እኮ» አለና ሻዩን ጨለጠ። የእኔ ሻይ ቀዘቀዘ።

ጓደኞቼ፣ አጠገባችሁ የተኛ ልጅ ቢንዘፈዘፍ፣ ትንፋሹ ቢፈጥን፣ ንግግሩ ቢዛባ፣ ሻንጣ አትፈትሹ። የግቢውን ዘበኛ ቀስቅሳችሁ በሩን አስከፍቱ። ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።