ያሸነፈ ልጅ ሁሉ ለላይኛው ቡድን ደርሷል ማለት አይደለም

የወረዳው የትምህርት ቤቶች ውድድር ባለቀ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። አባት ይደውላል፤ ታላቅ ወንድም ይደውላል፤ አንዳንዴ ልጅቷ ራሷ በጓደኛዋ ስልክ ትደውላለች። «መምህር፣ አንደኛ ወጥታ የለ? ለምን የዞን ቡድን ውስጥ አትገባም? ክለብስ ቢሆን ለምን አትሞክርም?» የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ የማስተምረውም ሩጫ የብዙ ቤተሰብ ተስፋ በሆነበት ደጋ አገር ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በሁለት ደቂቃ ስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ለሁላችሁም እዚህ ልጻፈው።

በ13 ዓመት የሚገኝ ድል በአብዛኛው የሚነግረን ማን ቀድሞ እንደጎረመሰ ነው። ሴቶች ልጆች ቁመታቸው በፍጥነት የሚመዘዝበት ጊዜ በአማካይ 12 ዓመት አካባቢ ነው፤ የወንዶቹ 14 አካባቢ። አማካይ ነው እንግዲህ። አንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች የአንዱ አካል ገና የ11 ዓመት ልጅ አካል፣ የሌላው ደግሞ የ15 ዓመት ጎረምሳ አካል ሊሆን ይችላል። ሁለቱን 800 ሜትር ብታሰልፏቸው ማን እንደሚቀድም ለመገመት አሰልጣኝ መሆን አያስፈልግም። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ትንሹ ልጅ ያድጋል፣ እግሩ ይረዝማል፣ ጉልበት ያገኛል፤ ልዩነቱም ይጠባል። እስከዚያ ግን ማን ያስታውሰዋል? ቡድኑ ሞልቷል፣ ጫማው ታድሏል፣ ልጁም «እኔ ሯጭ አይደለሁም» ብሎ ወደ ቤቱ ገብቷል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ዕድሜው ራሱ እርግጠኛ አይደለም። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆች ዕድሜ እናት በምታስታውሰው የመኸር ወቅት ወይም ቀበሌ በጻፈው ቁጥር የሚታወቅ ነው። ለውድድር ሲባል ዓመት የሚቀነስበትም ጊዜ አለ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ «ከ15 ዓመት በታች» በሚባል ሩጫ አንደኛ መውጣት ብቻውን ለእኔ ማስረጃ አይሆነኝም።

በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ያለው አሠራር ብዙ አስተምሮኛል። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር በአንድ ቡድን እንዲሰለፍ ከተፈለገ ወላጁ ይፈቅዳል፤ ሐኪም የአካሉን የጉርምስና ደረጃ ያያል፤ አሰልጣኝ ክህሎቱን ይገመግማል፤ ከዚያም የአካል ብቃት ፈተና ይፈተናል። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው መመሪያው የከለከለው ነገር ነው። ይህን መንገድ በቡድኑ ውስጥ የጎደለ ቦታ ለመሙላት መጠቀም አይቻልም፤ ልጁን ለመሸለም ብሎ ማሳለፍም አይቻልም። እኛ ዘንድ ልጅ ወደ ላይ የሚሄደው ስንት ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ምክንያቶች ነው? «ዞኑ 3,000 ሜትር የምትሮጥ ሴት የለውም፣ አንዲት ስጡን» ይባላል፤ እኛም እንሰጣለን። በየትምህርት ቤታችን ሐኪም እንደሌለ አውቃለሁ። ጤና ጣቢያ ግን አለ። ልጅቷን አንድ ቀን ወስዶ ማስመርመር፣ ደም ማነስ እንዳለባት ማየት፣ ስለ አጥንቷና ስለ እድገቷ መጠየቅ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ስለ ሴቶቹ በተለይ ልናገር፤ ብዙ የምናጣው እነሱን ነውና። በ13 ዓመቷ ሁሉንም የምትቀድም ልጅ 15 ላይ ሰዓቷ ይቆማል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። ዳሌዋ ይሰፋል፣ ክብደት ትጨምራለች፣ አረማመዷ ይለወጣል። ተፈጥሮ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጊዜ ከተሰጣት ሰውነቷ አዲሱን ቅርጹን ይለምደዋል፣ ፍጥነቷም ይመለሳል። ችግሩ፣ ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ቤተሰቧን ለቃ ካምፕ በገባች ማግስት ነው። አሰልጣኙ «ሰንፋለች» ይላል። እሷ ምግብ ትቀንሳለች። ሳትበላ በቀን ሁለት ጊዜ ትሮጣለች፣ የወር አበባዋ ይቀራል፣ ለማንም አትናገርም፤ ከወራት በኋላ ቅልጥሟ ላይ የሚሰማት ሕመም የአጥንት መሰንጠቅ ሆኖ ይገኛል። የወር አበባ መቅረትና የአጥንት መድከም የተያያዙ መሆናቸውን ሐኪሞች በደንብ ያውቃሉ። አሰልጣኝ ሁሉ፣ ወንድም ቢሆን፣ ይህን ማወቅና ሳያፍር መጠየቅ አለበት። መጠየቅ የሚከብደው ከሆነ የምትጠይቅ ሴት መምህርት ከጎኑ ትኑር።

ለዚህ ነው ልጅን ወደ ላይኛው ቡድን ከማሳለፌ በፊት ከሰዓቱ እኩል አንድ ነገር የማየው፦ ሲያመው «አሞኛል» ማለት ይችላል ወይ? ልጆቻችን ታላቅን በማክበር ነው ያደጉት። መልካም አስተዳደግ ነው። ነገር ግን አሰልጣኙን ቀና ብሎ የማያይ ልጅ ተረከዙ እያበጠ ይሮጣል፤ ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት እየነደደው ዙሩን ይጨርሳል። በእድገት ላይ ባለ አካል እነዚህ ሁለት ቦታዎች ናቸው ቀድመው የሚታመሙት፤ ዕረፍት ካገኙ አብዛኛውን ጊዜ ይድናሉ፤ ካላገኙ ልጁን ለወራት ያስቀምጡታል። እኔ ዘንድ ሕመሙን የሚደብቅ ልጅ፣ ነገ ከማያውቀው አሰልጣኝ ፊት ምን ያደርጋል? ስለዚህ አስቀድሜ መናገርን አስተምራለሁ። ዓመት ቢፈጅም ይፍጅ።

ሌላውን በአጭሩ ልበል። ዓመቱን ሙሉ ልምምድ ላይ የሚገኝ ልጅ በአንድ ቀን ከሚያሸንፍ ልጅ ይበልጥብኛል። ተሸንፎ በማግስቱ የሚመጣ ልጅ ይበልጥብኛል። የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች የሚሰጡት ቀላል መለኪያም አለ፦ የሳምንት የልምምድ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ ቁጥር አይለፍ። የ14 ዓመት ልጅ ከ14 ሰዓት በላይ አይሥራ ማለት ነው። ላይኛው ቡድን ከዚህ በላይ የሚያሠራ ከሆነ ልጁ ሳይሆን ቡድኑ ነው ያልደረሰው።

«ጥሩነሽስ?» ትሉኛላችሁ። ሁልጊዜ ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 18 ዓመቷ ነበር። ነገር ግን አብራችሁ አስታውሱ፦ ከበቆጂ አዲስ አበባ ስትገባ ታላቅ እህቷ እጅጋየሁ ቀድማት ነበረች፤ ደራርቱ ቱሉም የቅርብ ዘመዷ ናት። መንገዱን ያለፈ፣ ሕመሟን የሚያውቅ፣ «ዛሬ ዕረፊ» የሚላት ሰው ነበራት። ልጃችሁ የሚሄድበት ከተማ እንዲህ ያለ ሰው አለው? ደራርቱን ደግሞ ለብቻዋ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና፣ በ2000 ሲድኒ የኦሎምፒክ ወርቅ፤ ከዚያም በ2009 የኒውዮርክ ማራቶንን ያሸነፈችው በ37 ዓመቷ ነው። የሩጫ ዕድሜ ረጅም ነው። የ14 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ቢቆይ ምንም አያመልጠውም።

የአባትየው ችኮላ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። መሬት ጠባብ ነው፤ ልጅ ብዙ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ሮጣ ለወላጆቿ የቆርቆሮ ቤት ሠርታለች። ማንም ወላጅ ይህን አይቶ ዝም ሊል አይችልም፤ አልወቅሰውም። ግን ወደ ላይ ከሄዱት ውስጥ ቤት የሠሩት ጥቂቶች መሆናቸውን ልደብቀው አልችልም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው «ታውን ኦፍ ረነርስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም የበቆጂን ሁለት ልጃገረዶች ተከትሎ ከቤት የራቀ የካምፕ ኑሮ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል፤ ያላያችሁ እዩት። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ያልተሳካለት ልጅ መመለሻ ማጣቱ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሳይፈተን ሄዷል፤ ተጎድቶ ሲመጣ እኩዮቹ አሥረኛ ክፍል ናቸው፤ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል፤ ሩጫውም ትምህርቱም ይቀራል።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ልጅ ስጡን ሲሏችሁ ከሰዓቱ ጋር የዓመቱን የልምምድ መዝገቡንና የጤና ጣቢያ ወረቀቱን አብራችሁ ላኩ፤ ያልደረሰውን «አልደረሰም» በሉ፤ ቦታው ባዶ ይቅር። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ዘንድሮ ከተመረጠ ካምፑ ድረስ ሄዳችሁ የሚበላውንና የሚተኛበትን በዓይናችሁ እዩ። የሚማርበት ትምህርት ቤት ስም ተጽፎ እጃችሁ ካልገባ ደግሞ መልቀቂያውን አታውጡ።