ትንሹ ባቡርና የአባቴ ሞረድ

ሰው ከመደበኛ ሥራው በሚያርፍባት ጥቂት ሰዓት የሚያደርገው ነገር ጠባዩን ይገልጠዋል። አንዱ አትክልቱን ይኮተኩታል፤ ሁለተኛው ቴምብር ይሰበስባል፤ ሦስተኛው ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ወግ ሲጠርቅ ያመሻል። እኔ ግን ዕድሜዬ ሠላሳን ከተሻገረ በኋላ፣ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ትንሽ ባቡር እሠራለሁ። አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን አንብበው ፈገግ ቢሉ አልቀየምም። ባለቤቴም በመጀመሪያ ስቃለች፤ የሥራ ባልደረቦቼም «ለልጅህ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ፣ ለራሴ መሆኑን ስነግራቸው እርስ በርሳቸው ተያይተዋል። ነገር ግን ይህ እንደ ቀልድ የጀመርሁት ሥራ፣ ትምህርት ቤት ሳለሁ ያልተማርሁትን አንድ ነገር አስተምሮኛልና፣ ለሌላውም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ልጽፈው ወደድሁ።

የምሠራበት ጽሕፈት ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው። ይህ ስፍራ ከነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና የተቋቋመበት ሲሆን፣ የእኔም ሥራ ስለሚገባውና ስለሚወጣው ዕቃ የሚጻፉትን ወረቀቶች መመርመርና መመዝገብ ነው። ማለዳ በሰርቪስ ስሄድ፣ አንዳንድ ቀን በአዲሱ መስመር ላይ የኤሌክትሪክ ባቡር ኮንቴይነሮችን አስከትሎ ሲያልፍ አያለሁ። ያ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረ፣ በሁለቱ ሐዲዶቹም መካከል ያለው ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ግን በእንጨት ጠረጴዛ ላይ የሚጠብቀኝ ሌላ ባቡር ነው፤ እርሱም በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ላይ ይመላለስ የነበረው የአሮጌው ባቡር አምሳል ነው።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ መሆኗን የማያውቅ የለም። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ ታስቦ የነበረው መስመሩ ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር። ነገር ግን ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም ብዙ ስለ ሆነ፣ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ አልፎ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ከዚያም ኩባንያው በገንዘብ እጦት ወድቆ፣ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከዚራ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ሰዓቱን በባቡሩ ጩኸት ይለካ እንደ ነበረ እኔ ምስክር ነኝ።

በሌላው ዓለም የባቡር አምሳል መሥራት የቆየ ልማድ ነው። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ፣ እየተቀጣጠለ የሚረዝም ሐዲድ ያለውን የባቡር መጫወቻ በላይፕሲግ ገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ ይኸውም አጤ ምኒልክ ፈቃዱን ከመስጠታቸው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በሎንዶን የዚህ ሥራ አፍቃሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1910 ተቋቁሟል። በአሜሪካ አገርም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1946 በተመሠረተው የተማሪዎች የባቡር ክበብ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያገናኙ ያመሹ ከነበሩት ወጣቶች አንዳንዶቹ ኋላ ከቀደሙት የኮምፒውተር ባለሙያዎች መካከል ተቆጥረዋል። በሐምቡርግ ከተማ ደግሞ ሁለት መንትያ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈቱት የትንንሽ ባቡሮች ትርዒት ከብዙ አገር ጎብኚ ይስባል። እንግዲህ «የልጅ ጨዋታ ነው» የሚለኝን ሰው በዚህ እመልሰዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ነገር ልክ ነው። በብዙ አገር የተለመደው ልክ አንዱን ሰማንያ ሰባት እጅ ማሳነስ ነው። በዚህ ልክ አንድ ሜትር የነበረው የሐዲድ ስፋት ከ12 ሚሊ ሜትር አያልፍም። እኔም በመጀመሪያው ማታ እርሳስና ወረቀት ይዤ ሒሳቡን ብሠራው፣ መላው መስመር ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 9 ኪሎ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ፣ 1200 ሜትር ያህል ነውና፣ ተቀንሶም 14 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከባለ አራት ፎቅ ቤት አያንስም። እኔ ያለኝ ጠረጴዛ ግን ሦስት ሜትር ብቻ ነው፤ በእውነተኛው ምድር ሲታሰብ ደግሞ 261 ሜትር መሆኑ ነው። ሽኒሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻን፣ ደወሌን ሁሉ ልሠራ የተመኘሁት ሰውዬ፣ ከአንድ ጣቢያ ግቢ የሚበልጥ ቦታ እንደሌለኝ ተረዳሁ። ስለዚህ የድሬዳዋን ጣቢያና የወርክሾፑን ግቢ መረጥሁ።

ዕቃው ከብዙ ቦታ ተለቃቀመ። ለጠረጴዛው ፊት ኮምፔንሳቶ ገዛሁ። ለፉርጎዎቹና ለቤቶቹ ግድግዳ፣ አስፈቅጄ ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁትን የተጣለ ካርቶን ተጠቀምሁ። ለሐዲዱ ቀጭን የነሐስ ዘንግ አገኘሁ፤ ይህንንም መዳብ በተለበጠ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ቁራጭ ላይ በስታኞ በየዳው። ሞተሩን ከተበላሸ ቴፕ ሪከርደር አወጣሁት። በዚህ ሥራ ሐዲዱ መንገድ ብቻ ሳይሆን ሽቦም ነው፤ 12 ቮልት ኃይል በአንደኛው ሐዲድ ገብቶ፣ በጎማው በኩል ሞተሩን አንቀሳቅሶ፣ በሁለተኛው ሐዲድ ይመለሳል። ጫፎቹን ቢያቀያይሩ ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔ ግን ይህን ሳላስተውል የሰሌዳውን መዳብ ከመካከሉ ሳልቆርጠው በመቅረቴ፣ ሁለቱ ሐዲዶች ተገናኝተው በመጀመሪያው ማታ ትራንስፎርመሬ ጨሰ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ራሴን አጽናንቼ እንደገና ጀመርሁ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልናገር ይገባኛል። አባቴ በዚሁ በከተማችን የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ በቶርኖ ሠራተኛነት ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግለው በጡረታ የተሰናበቱ ሰው ናቸው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ እናቴ ምሳቸውን ቋጥራ በእኔ እጅ ትልክላቸው ነበር። ጓደኞቼ አባቶቻቸው ከረባት የሚያስሩ ነበሩና፣ እኔ እስከ ውስጥ ገብቼ በዘይት በራሰ ቱታ ከማያቸው ይልቅ፣ ምሳውን ለዘበኛው ሰጥቼ መሮጥን እመርጥ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ጓደኞቼ አብረውኝ ሳሉ አባቴ በድንገት ከበሩ ወጡ። ፈገግ ብለውም እጃቸውን ሊዘረጉልን ሲሉ፣ ከጓደኞቼ አንዱ «ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ጎረቤታችን ናቸው» አልሁ። አባቴ የተዘረጋ እጃቸውን ወደ ቱታቸው መልሰው፣ ምሳውን ተቀብለው ገቡ። በዚያ ማታ እቤት ምንም አላሉም፤ ከዚያም ወዲህ ምንም ብለው አያውቁም።

አሮጌው ባቡር ከቆመ በኋላ አባቴ ስለ ሥራቸው ማውራት ተዉ። ባቡሬን መሥራት ስጀምርም ከወንበራቸው ሆነው በዝምታ ይመለከቱኝ ነበር እንጂ አንድ ቃል አይናገሩም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሐዲዱ ሥር ያሉትን አግዳሚዎች እንጨት እንዲመስሉ ቡናማ ስቀባቸው አይተው፣ «የእኛ አግዳሚ ብረት ነበር» ብለው ዝም አሉ። እኔም ቀለሙን ፋቅሁት።

ከእለታት አንድ ቀን ባቡሩ ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ በደኅና ሄደ፤ ከመታጠፊያው ሲደርስ ግን ፉርጎዎቹ እየዘለሉ ከሐዲድ ይወጡ ጀመር። ሐዲዱን አሰፋሁት፣ አጠበብሁት፣ ፉርጎዎቹን አከበድሁ፤ አልሆነም። ሦስት ማታ እንዲህ ከደከምሁ በኋላ አባቴ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና አንዷን ጎማ አንሥተው በጣታቸው ዳሰሷት።

«ይህን ማን አስተማረህ? ጠፍጣፋ አድርገኸዋል» አሉ።

«አባባ፣ ጎማ ጠፍጣፋ አይደለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የመኪና ይሁን። የባቡር ጎማ ሾጣጣ ነው፤ ወደ ውስጥ በኩል ወፈር፣ ወደ ውጭ በኩል ቀጠን ይላል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዘንግ የታሰሩ ናቸውና አንዱ ከሌላው ፈጥኖ ሊሽከረከር አይችልም። መታጠፊያ ላይ ግን የውጩ ጎማ ረዥም መንገድ፣ የውስጡ አጭር መንገድ መሄድ አለባቸው። ታዲያ ዘንጉ ትንሽ ወደ ውጭ ሲንሸራተት፣ የውጩ ጎማ በወፍራሙ፣ የውስጡ ጎማ በቀጭኑ በኩል ይረግጣል፤ እንዲህ ሆኖ ባቡሩ ራሱን በራሱ ያጥፋል። ይህ ከንፈሩ የመጨረሻ መከላከያ ነው እንጂ መሪ አይደለም።»

ይህን ከተናገሩ በኋላ ሞረድ አምጣ አሉኝ። ትራፓኖውን በሞርሳ አሳስረው፣ የጎማዋን ዘንግ እንደ መሰርሰሪያ በአፉ አስነክሰው፣ እኔ ሳዞርላቸው እርሳቸው ሞረዱን በትንሹ ሰያፍ አድርገው አስጠጉት። እጃቸው ዛሬ ዛሬ ስኒ ሲያነሡ እንኳ ይንቀጠቀጣል፤ ሞረዱን በያዙበት ሰዓት ግን አልተንቀጠቀጠም። የነሐሱ ብናኝ በጣቶቻችን ላይ እየረገፈ፣ ስምንቱን ጎማ እስክንጨርስ እኩለ ሌሊት አለፈ። ባቡሩም መታጠፊያውን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ አልወደቀም።

እኔም ያን ጊዜ፣ ለብዙ ዓመት ይዤው የኖርሁትን ነገር ተናገርሁ። «አባባ፣ ያን ዕለት በወርክሾፑ በር ላይ ለጓደኞቼ ያልሁትን ሰምተው ነበር?» አልኋቸው።

አባቴ የምትዞረውን ባቡር እንደ ተመለከቱ፣ «ሰምቼ ነበር ልጄ። እጄም ቆሻሻ ነበር» አሉ። ቀጥለውም በብናኝ የጠቆረውን የእኔን እጅ አይተው፣ «በነጭ ጋዝ ታጠበው፤ ሳሙና ብቻውን አያስለቅቀውም» አሉኝ።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ እኔ ደብተር ይዤ እጠይቃለሁ፤ እርሳቸውም ይመልሳሉ። ፈረንሳዮቹ ያመጧቸው ማሽኖች እንዴት እንደ ተደረደሩ፣ የተበላ ጎማ በቶርኖ ተልጦ ቅርጹ እንዴት እንደሚመለስ፣ ከእንፋሎቱ ዘመን የተረፈው መሣሪያ ለናፍጣው እንዴት እንዳገለገለ እጽፋለሁ። ነገሩን ቀርቤ ስመለከተው፣ አንድን ነገር ለማሳነስ መጀመሪያ ጠንቅቆ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ተገነዘብሁ። ትልቁን ባቡር ለሃያ ዓመት አጠገቡ ኖሬ አላወቅሁትም፤ ትንሹን ስሠራ ግን አወቅሁት፤ አባቴንም እንዲሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እርስዎም በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ እንደ አባቴ ያለ ባለሙያ ቢኖርዎ፣ ሸማኔም ይሁን አናጢ፣ የስልክ ሠራተኛም ይሁን መካኒክ፣ «ምን ይሠሩ ነበር?» ብለው ብቻ አይጠይቁት። እንዲያ ቢጠይቁት ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም ይላል። የሥራውን ቁራጭ ከእጁ ላይ ያኑሩለት፤ ያን ጊዜ ይናገራል። አስተማሪዎችም ለተማሪዎቻቸው ጥቂት ካርቶን፣ ሽቦና የተጣለ ሞተር ቢሰጧቸው፣ ስለ ልክና ስለ ኤሌክትሪክ ከሰሌዳ ላይ ጽሑፍ የበለጠ ያስጨብጧቸዋል።

የእኔ ጠረጴዛ ገና አላለቀም። የጣቢያው ቤት ቆሟል፤ አሁን የወርክሾፑን ግቢ ጀምሬአለሁ። ባለፈው እሑድ አባቴ ፕላኑን በመነጽራቸው ሲመረምሩ ቆይተው፣ በበሩ አጠገብ ባዶ የተውሁትን ስፍራ በጣታቸው አመለከቱኝ።

«የዘበኛውን ቤት ረስተሃል፤ ምሳዬን የምታስቀምጥበትን» አሉኝ።

ዛሬ ማታ እርሱን እሠራለሁ።