ድምፅ አለ፣ ፊት ግን የለም

ልጇን ዓረብ አገር የላከች የሐይቅ እናት ስልክ የምታነሳው ለማውራት ብቻ አይደለም፤ ለማየትም ነው። ቡናው ከተፈላ በኋላ ኢሞ ይከፈታል። ልጅቷ ከአሠሪዎቿ ቤት ጓዳ ብቅ ትላለች። እናት መጀመሪያ የምታየው ጉንጯን ነው፤ ከስታ ይሆን? ቀጥሎ ዓይኗን። «አብሽሪ እማ፣ ደህና ነኝ» የሚለው ቃል የሚታመነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐይቅ ሁለት ዓይነት ዝምታ ታውቃለች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ ሲደርስ ስልክም ጭምር ጠፋ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ነበር፤ ለወራትም ቆየ። የድምፅ ጥሪ በብዙ ቦታ እየተቆራረጠም ቢሆን ይሠራ ስለነበር፣ ቅሬታ ላነሳ ሰው የሚሰጠው መልስ ቀላል ሆነ፦ «ስልክ አለ አይደል?»

ለመሆኑ ድምፁ እያለፈ ምስሉ የሚቀረው እንዴት ነው?

ድምፅ፣ ምስልና ዳታ በአንድ መስመር ሲጓዙ ጠባያቸው ይለያያል። ድምፅ መጠበቅ አይችልም፤ ትንሽ ቢጎድለው ግን ጆሮ ይሞላዋል። ፋይል ቢዘገይ ግድ የለውም፤ አንዲት ፊደል ብትጎድለው ግን ይበላሻል። ምስል ብዙ ቦታ ይፈልጋል፣ መዘግየትም አይወድም። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲጓዝ ዳገት ላይ ከከባድ መኪና ኋላ የቀረ ሰው ችግሩ ይገባዋል፤ ከፊት ያለው ጭነት ትልቅ ከሆነ ትንሿም መኪና ትዘገያለች።

የመሐንዲሶቹ መፍትሔ ሁሉንም በእኩል መጠን መቆራረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤቲኤም ለተባለው ቴክኖሎጂ (ከባንኩ ማሽን ጋር ስም እንጂ ሥራ አይጋራም) የቁራጩ፣ ማለትም የ«ሴሉ» መጠን ሲወሰን አውሮፓውያን 32 ባይት፣ አሜሪካውያን 64 ባይት ይሁን አሉ። ክርክሩ ስለ ጆሮ ነበር። ሴሉ በተለቀ ቁጥር በድምፅ እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል፤ ተናጋሪውም የገዛ ድምፁ ተመልሶ ያስተጋባበታል። በ48 ታረቁ። የስልክ ድምፅ ያንን ለመሙላት 6 ሺኛ ሰከንድ ይበቃዋል። 5 ባይት አድራሻና መለያ ሲጨመርበት 53 ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ የ3ጂ ኔትወርኮች ማማውን ከመቆጣጠሪያው ያገናኙት በእነዚህ ሴሎች ነበር። ዛሬ ቦታውን አይፒ ወስዶታል፤ ሐሳቡ ግን አለ፦ ጭነቱን በየጠባዩ ለይ፣ መጠበቅ ለማይችለው ቅድሚያ ስጥ።

መለየት የቻለ ግን መርጦ መዝጋትም ይችላል። በ2ጂና በ3ጂ ጥሪው በአንድ በር፣ ዳታው በሌላ በር ያልፋል። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውም ከዳታው በር ውጭ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መተው በቴክኒክ ቀላል ነው። ድምፅ እንዳይጉላላ የተበጀው ልዩነት ምስልን ለማስቀረትም ያገለግላል።

እዚህ ላይ ነው «ስልክ አለ አይደል?» የሚለው መልስ የማያጠግበው። የውጭ ጥሪ በደቂቃ ይቆጥራል፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ደግሞ ለመቆጠብ የተሰደደ ሰው ነው። ከዚያም በላይ በሰው ቤት ያለች ልጅ አሠሪዋ አጠገቧ ቆማም «ደህና ነኝ» ማለት ትችላለች። ድምፅ ይህን አይደብቅም ማለት አይቻልም። ፊት ግን ብዙውን ጊዜ ያሳብቃል። ለዚያች እናት የቪዲዮ ጥሪ ቅንጦት አይደለም፤ ልጇን የምትጠብቅበት ብቸኛ መንገድ ነው።

የጸጥታ ችግር መኖሩን የሚክድ የለም። ሆኖም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመቀበልና የማስተላለፍ ነፃነትን ሲደነግግ፣ ገደቡም በሕግ እንዲሆን ይጠይቃል። መዝጋት ግድ ከሆነ ምክንያቱ ይነገር፣ የሚያበቃበት ቀን ይታወቅ፣ ያዘዘው አካል ይጠየቅበት። ሴሉን የሠሩት ሰዎች ለጆሮ ምቾት ብለው በ32 ባይት ልዩነት ተከራክረዋል። የአንድ ክልል ሕዝብ ከልጆቹ ፊት ሲለይ ቢያንስ ማብራሪያ ይገባዋል።

እስከዚያው የሐይቋ እናት ጥሪውን ታነሳለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ይገባል፦ «አብሽሪ እማ፣ ደህና ነኝ።» እሷም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ጉንጯን ታስባለች።