ጥንብ አንሳዎቹ

ባንኮክ ለጥ ያለ ሜዳ ናት። ታዲያ ይሄ ኮረብታ ከየት መጣ? ወደ ዋት ሳኬት ስንሄድ እንዲህ ተባባልን። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ንጉሥ ራማ 3ኛ (1824–1851 እ.ኤ.አ.) ትልቅ የጡብ ሐውልት ሊያቆሙ ጀመሩ፤ ረግረጉ መሬት ግን አልሸከምም አለና ተናደ። ፍርስራሹ ሣር በቀለበትና ኮረብታ ሆኖ ቀረ። ተከታዮቻቸው አናቱ ላይ ትንሽ ሐውልት ሠሩበት፤ «ወርቃማው ተራራ» የሚሉት እሱን ነው።

ደረጃው ከ300 በላይ ነው። እኛ ግን ገና ከግርጌው ቆምን። የጥንብ አንሳ ምስሎች፣ ከእግራቸው ሥር ሬሳ። እየተሳሳቅን ፎቶ ተነሣን። አስጎብኚያችን ታሪኩን ሲነግረን ግን ሳቃችን አፋችን ላይ ደረቀ። በ1820 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ከተማይቱን ሲፈጅ፣ ሬሳው ከቅጥሩ ወጥቶ እዚህ ይከመር ነበር። ማቃጠሉም መቅበሩም ከአቅም በላይ ሲሆን አሞራ በላው።

ዝም ብለን ወጣን። በመንገዱ የተደረደሩትን ደወሎች ከመካከላችን የነካ የለም። ከላይ ሆነው ሲሰሙት የመኪናው ጩኸት እንደ ሙላት ወንዝ ነው።

እዚያ ቆመን የኅዳር በሽታ ትዝ አለን። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቀባሪ አጥታ ሬሳ የጅብ ሲሳይ ሆኖ ነበር። እኛስ ምን አቆምንላቸው? ኅዳር 12 ቆሻሻ እናቃጥላለን፤ «ኧረ ዓይኔን!» እየተባባልን እንሥቃለን። እነሱ ግን ያን ክፉ ቀን ሳይደብቁ ደጃፋቸው ላይ አቆሙት።

ስንወርድ ጥንብ አንሳዎቹ ፊት እንደገና ቆምን። አሁን ፎቶ ያነሣ የለም። እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ የመጪው ኅዳር ጭስ ሲነሣ፣ ለእነማን እንደሆነ አንዴ እንኳ እንጠያየቅ።