ፀሐይ በልደታ ግቢ

ሐምሌ 19 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ የእናቷን ስልክ ይዛ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም በዩቲዩብ ደጋግማ ታያለች። ዛሬ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእናቷ ጋር ልትጠይቀኝ መጥታ «አጎቴ፣ ፀሐይን የሚሠሩት ሰዎች የት ናቸው? ሄደን እንያቸው?» አለችኝ። ቀጭኔዋ ፀሐይ አሻንጉሊት እንደሆነች ታውቃለች፤ ማየት የፈለገችው ሰዎቹን ነው።

የማውቀውን ነገርኳት። የፀሐይ ድምፅ የብሩክታዊት ጥጋቡ ነው። ብሩክታዊት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆና ፕሮግራሙን እዚያው መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ መሥራት ጀመረች። በኢቲቪ ተላለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓንን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ሽልማት አገኘ። በኋላም ብሩክታዊት «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን የልጃገረዶች የካርቱን ፊልም ሠራች። ልጅቷን ከሽልማቱ ይልቅ የገረማት ቤት ውስጥ መጀመሩ ነው። «እኛም ቤት እኮ ካልሲ አለ፤ አሻንጉሊት እንሠራበታለን» አለች።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

አባባ ተስፋዬ ካረፉ ዛሬ ስምንት ዓመት ሆነ። ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት አወሩ። እኔ የድሮው ልደታ፣ የጭቃ ቤቶቹ ልደታ ልጅ ነኝ። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት በር ላይ ተደርድረን፣ ከፊታችን የቆመውን ልጅ ትከሻ እየተጫንን ነበር የምናያቸው። እንደኛ ያሉ ልጆች ስቱዲዮ ገብተው አጠገባቸው ሲቀመጡ ሳይ እጅግ እቀና ነበር። እነዚያ ልጆች ተረቱን የሰሙት ከራሳቸው ከአባባ ተስፋዬ አፍ ነው።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የልጆቹ የካልሲ አሻንጉሊት ትርኢት ዛሬ ሆነ! ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ የግቢው ልጆች የጋራ መገልገያው ቤት በረንዳ ላይ አንሶላ ወጠሩ። የታችኛው ፎቅ እትዬ ከስፌት ዕቃቸው ለዓይን የሚሆን ቁልፍ ሰጥተዋቸዋል። ቀጭኔዋ የእህቴ ልጅ አባት ቢጫ ካልሲ ናት። አንድ ጦጣ ያልፈላ ውሃ ጠጥቶ ሲታመም ቀጭኔዋ ስታስታምመው የሚያሳይ ታሪክ ነው፤ እነሱው የፈጠሩት።

መጀመሪያ ላይ አልሆነላቸውም። የእህቴ ልጅ አውራ ጣቷን ታችኛው መንጋጋ፣ አራቱን ጣቶች ላይኛው አድርጋለች፤ ግን የካልሲውን አፍ የምትከፍተው ቃሉን ከተናገረች በኋላ ነው። ጦጣውን የያዘው ልጅ «እያንዳንዷ ፊደል ላይ ክፈቺ!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ በኋላ ካልሲው በእውነት መናገር ጀመረ። ያን ለውጥ በዓይኔ በማየቴ ምንኛ ደስ እንዳለኝ!

አንድ ሦስት ዓመት የማይሞላው ሕፃን ተነስቶ ከአንሶላው ጀርባ ገባ። እጆቹን አየ፤ ልጆቹንም አየ። ተመልሶ ከፊት ቆመና ቀጭኔዋን «ጦጣው ዳነ?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቷን አይደለም፣ ቀጭኔዋን። ሠሪውን ማየት የልጅን ምናብ ይሰብራል የሚሉ ሰዎች ይህን ሕፃን ቢያዩት ይበጃል። እጁንም ቀጭኔዋንም አንድ ላይ አምኖ ተቀመጠ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ሌሊቱን ስለ ትናንቱ ትርኢት ሳስብ አደርኩ። ስልክ ካርቱኑን ለልጁ ያደርሳል፤ የልጁን ሳቅ ግን ለሠሪው አይመልስም። ትናንት የእህቴ ልጅ ሕፃኑ የጠየቃትን ሰምታ፣ በድርሰቱ ያልነበረ መልስ እዚያው ፈጥራ ሰጠችው፦ «ድኗል፤ አሁን ግን ውሃ አፍሉለት»። ይህ በስክሪን የሚሆን ነገር አይደለም።

ዛሬ በየቤታቸው በኮምፒውተር የአማርኛ ካርቱን እየሠሩ ዩቲዩብ ላይ የሚጭኑ ወጣቶች አሉ። ልፋታቸውን አከብራለሁ። እባካችሁ፣ በዓመት አንድ ቅዳሜ እንኳ ወደ ሰፈር ውጡ። ሥዕላችሁን ልጆች ፊት ሣሉ፣ ድምፁን ፊታቸው አውጡ። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም ብትሆኑ ክፍሎቻችሁ እስከ መስከረም ባዶ ናቸውና አንዱን ክፈቱላቸው። አንሶላውን እኛ ይዘን እንመጣለን።