የፑላችን ጠላቶች
የቤታችን ፑል ጠረጴዛ ቀንደኛ ጠላት እንግዳ ነው። አንዱ የቡና ስኒውን ጠርዙ ላይ ያኖራል፤ ሌላው ሶፋው ባዶ እያለ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ቢኖረውም ጠርዙ የሰው ክብደት ሲበዛበት ይላላል፣ ኳስ የሚያነጥረው ጎማም ይበላሻል።

ሁለተኛው ጠላት ጠመኔ ነው። ብናኙ ጨርቁን እንደ አሸዋ ይፍቀዋል። ስለዚህ ከጨዋታ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ መጥረግ ነው። ኳሶቹም ይጸዱ፤ ቆሻሻውን ተሸክመው የሚዞሩት እነሱ ናቸው። መጠጥ ከፈሰሰ ማሸት የለም፤ በደረቅ ፎጣ ጫን እያሉ ማስመጠጥ ብቻ።

ሦስተኛው ጠላት ፀሐይ ነው፤ ለእሱ መጋረጃ ሰቀልን፣ ሽፋንም ገዛን። ሽፋኑ ግን ወዲያው የልብስ ማጣጠፊያ ሆነ። ይሁን፣ ልብስ አይጎዳውም። የካውያው ነገር ነው የሚያሳስበኝ።